የጌሙ ሳንቲም

እሑድ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ጁባ

ልጄ ሰናይት ካስተም ከሚባለው የጁባ ገበያ በገዛችው በእጅ የሚያዝ የጌም ማጫወቻ ላይ የድሮ የጌም ቤት ጨዋታዎች ጭናለች። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዱን ከፍታ ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ «ሳንቲም ያስገቡ» ይላል፤ ራሴን እንዳስተማርኩት ፊደል በፊደል አነበብኩት። ማስገቢያ ቀዳዳውን ፍለጋ ሳገላብጠው በሳቅ ፍርስ አለች።

«እማዬ፣ ይቺን ቁልፍ ስትጫኚ ሳንቲም ገባ ማለት ነው።»

አባቷ በሞተ ሰሞን ጌም ቤት ገብቼ ከዚሁ ጨዋታ ላይ፣ ሰው እያየ፣ በጆሮዋ ጎትቼ አውጥቻት ነበር። በሐዘን ትጫወታለች ብዬ። ልጅ ነበረች።

«ያን ቀን አላስጨረስኩሽም» አልኳት።

«ለመጫወት ገና ሁለት ነፍስ ቀርቶኝ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ከዚያ ቁልፏን ደግማ ተጫነች። «አሁን ለሁለት ሰው ነው። ጀምሪ።»

እስኪመሽ ተቀባበልን። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ጨዋታው ባለቀብኝ ቁጥር ግን እሷ ሳንቲም ታስገባልኝ ነበር።