«ወይዘሮ» ያላልኩበት ቅዳሜ

ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ
ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1975

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣ ለወይዘሮ ኦዜላ ታልበርት፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀምጬ ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ሁሉም የየራሱን ልብስ ስለሚያይ እኔን የሚያየኝ የለም።

ከዚህ በፊት ሁለት ደብዳቤ ጽፌ አልላክኋቸውም። በመጀመሪያው ይቅርታ የሚለውን ቃል ደጋግሜ ጽፌው ሳነበው የሌላ ሰው ደብዳቤ መሰለኝ። በሁለተኛው ምክንያቶቼን ደረደርኩ። ምክንያቶቼ ሁሉ እውነት ነበሩ። ለዚህ ነው የቀደድኩት።

ስደውል የምታነሳው አክስቴ ሉቬኒያ ናት። «እናትሽ ጓሮ ናት» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ እናንተ ጋ ዝናብ ነበር አሉ።

«በዚህ ዝናብ?» አልኳት።

«ለጎመኑ ጃንጥላ ይዛለት ነዋ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

እማዬ፣ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው።

በስልክ የነገርኩዎትን አልረሳሁም። አንዲት ሴት እንዳትወልድ የሚያደርገውን ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ከመሥራቱ በፊት፣ ሳትፈልግ እንዳይሠራባት፣ እሷ ከፈረመች በኋላ ሠላሳ ቀን እንዲጠብቅ የሚያዝ ደንብ ከተማው ሊያወጣ ነው አልኩዎት። ለሴቶች መብት የምንሰባሰብበት የሴቶች ቤታችን ደንቡን ይደግፍ ይቃወም እንደሆነ ገና አልወሰነም አልኩዎት።

«እመጣለሁ» አሉ። «ለእነዚያ ሴቶች አንድ ጊዜ እናገራለሁ። የተወለድሽበት ቀን ነው ነገሩ። አንቺም ከፊት ተቀመጪና ስሚ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።»

«እሺ እማዬ።»

«አንድ ነገር ብቻ። ስታስተዋውቁኝ ወይዘሮ ታልበርት በሉኝ።»

«እሺ እማዬ።»

እሺ ብዬ ነበር። ማንም አላስገደደኝም።

ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። ያ ነጭ የኢንሹራንስ ሰውዬ ባርኔጣውን ሳያወልቅ በራችን ላይ ቆሞ «ኦዜላ አለች?» ሲል አጠገብዎ ነበርኩ። ቀሚስዎን ይዤ። «ኦዜላ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ሞታለች» ብለው በሩን ዘጉበት። በሚቀጥለው ሳምንት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ስምንት ዓመቴ ነበር። በዓለም ላይ ከእርስዎ የበለጠ ረጅም ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ግን በሴቶች ቤት ማዕረግ የለም። ሚስ የለም፣ ወይዘሮ የለም፣ የባል ስም የለም። ይህን ደንብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልነገርኩዎትም። አንዲትን ነጭ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ጭማሪ «ጁዲት» ብዬ ስጠራት ምላሴ ተንቀጥቅጦ ነበር። ከዚያ ለመድኩት። ወደድኩት። ከኮሚቴው ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም፣ እማዬ፣ ትንሽ ሳልወደው አልቀረሁም። ለእናቴ ሲባል ደንቡ ይለወጥ ብል «እንደገና የዘር ነገር አነሳች» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ጊዜ ብለውኛል። በጥሩ አነጋገር፣ ትከሻዬን ይዘው፣ «ቬርና፣ ዛሬ እንኳ ስለ ሴቶች ብቻ እናውራ» ብለውኛል።

ለዚያ ቅዳሜ ስብሰባ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው መጡ። ሰማያዊ ባርኔጣዎ፣ ነጭ ጓንትዎ፣ በፎጣ የተጠቀለለው ኬክ። ጥሬ ቅጠል ብቻ የሞላበትን የምሳ ጠረጴዛ አይተው በጆሮዬ «ቬርና፣ ይሄን አበሰሉት ወይስ አጨዱት?» ሲሉኝ ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ደስታ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ደረት ላይ የሚሰካውን የስም ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ «ኦዜላ»። ኮትዎ ላይ የሰካሁትም እኔ ነኝ። ቁልቁል አይተው አነበቡት። ሲያነቡት አየሁ። መርፌው ጨርቅዎን እንዳይበሳው የምጠነቀቅ መስዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ጁዲት ማይክሮፎኑን ይዛ «አሁን እህታችን ኦዜላ ከአላባማ ትናገራለች!» አለች።

ተነሡ። ጓንትዎን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ወይዘሮ ታልበርት እባላለሁ» አሉ።

ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ «ውይ፣ እዚህ በባል ስም አንጠራራም! እዚህ ነፃ ነሽ፣ ኦዜላ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ አጨበጨበ። በፍቅር ነው ያጨበጨቡት እማዬ፤ እሱ ነው የከፋው። አንዲቷ እንባ አውጥታ ነበር።

እርስዎ ወደ እኔ አዩ። ከፊት ነበር የተቀመጥኩት፣ እንዳሉኝ።

ተነሥቼ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ፈገግ አልኩ። እጆቼ ሲያጨበጭቡ ሰማኋቸው።

«ስለ ምሳው አመሰግናለሁ» አሉ። «መንገዴ ሩቅ ነው።» ጓንትዎን መልሰው አጠለቁ፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። ማንም ምን እንደሆነ አልገባውም። እኔ ገብቶኛል።

አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ሸኘሁዎት። አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ ነው የተናገሩት።

«ነጮች ቤት ሳገለግል ልጃቸውን ቶሚን ስይዘው ስድስት ዓመቱ ነበር። ‹ኦዜላ፣ ጫማዬን እሰሪልኝ› ይለኛል። እኔ ‹እሺ፣ ሚስተር ቶሚ› እለዋለሁ። የዚያች ልጅ ድምፅ የሱን ድምፅ ነው የሚመስለው።»

«እማዬ፣ ልጅቷ እኮ ክፉ አስባ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቶሚም ክፉ አልነበረም።»

አሁን ደግሞ ትናንት የሆነውን ልንገርዎት። ከዚህ በታች ያለው ካልተጻፈ ይህም ደብዳቤ ካልላክኋቸው ከሁለቱ አይሻልም።

ትናንት ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ። ጁዲት ተነሥታ የራሷን ተናገረች። ልጅ አልፈልግም ብላ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አምስት ዓመት ሙሉ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» እያለ መልሷታል። «አሁን ደግሞ ሠላሳ ቀን ጠብቂ ሊሉኝ ነው? ሰውነቴ የማን ነው?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ አንዷ ወደ እኔ ዞራ «ቬርና፣ እናትሽ ስለ ምን ነበር ልትናገር የመጣችው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ሌሎቹ ሁሉ ደንቡን ተቃወሙ። እኔ እጄን ለዚህም ለዚያም አላነሣሁም። ጸሐፊያቸው ስለሆንኩ ግን ለከተማው ምክር ቤት የሚሄደውን የተቃውሞ ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ስሜ አለ። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤው በፖስታ ከሄደ በኋላ ወደ ምክር ቤቱ ደወልኩ። ማክሰኞ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ አለ።

«ደግፈሽ ነው የምትናገሪው ተቃውመሽ?» አለኝ ሰውዬው።

«ደግፌ።»

«ድርጅትሽ?»

«የለኝም።»

«ሦስት ደቂቃ አለሽ» ብሎ ዘጋው።

በሦስቱ ደቂቃ የምለው የለኝም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ቀን ሊናገሩት የነበረውን ጽፈው እንዲልኩልኝ ልለምንዎት ነበር። እዚህ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። አልለምንዎትም። ያ የእርስዎ ነው። ሊሰጡን ይዘውት መጡ፤ ይዘውት ተመለሱ።

የማውቀው ይህን ብቻ ነው። አባባ ቤቱን ሲሠራ ለልጆች ሦስት ክፍል አወጣ። አንዱ የእኔ ሆነ። ሁለቱ ውስጥ ስኳር ድንች እናስቀምጥ ነበር። አባባ ስኳር ድንች በጣም ስለሚወድ ነው እያልኩ አደግሁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለምን ሁለት ክፍል ሙሉ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ማክሰኞ ስለ ክፍሎቹ ልናገር ነው። በእርስዎ ስም ሳይሆን በዚያ ቤት ያደግሁ ሰው ሆኜ። ይህም ያለ ፈቃድዎ የምወስደው ነገር ከሆነ፣ በአክስቴ በኩል «ትተወው» ብለው ይላኩብኝ፤ ስሜን አሰርዛለሁ፣ ለምን ብዬም አልጠይቅም።

ለሉቬኒያ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ጌታ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ እንቅልፍዎን ጣፋጭ ያድርግልኝ፤ በእኔ አዝነው ያጡት እንቅልፍ ካለም ይመልስልዎት።

አንድ ልጅዎ፣
ቬርናዲን