የዳልቻ አባት

ሰኞ
ንድድ ብሎኛል። አቶ ደሳለኝ፣ የከብት ማዳቀያ ማዕከላችን ኃላፊ፣ ስብሰባ ላይ «አዲሱ ፕሮግራም አልቋል፤ ሐሙስ ለደምበጫ ላሞች ኮርማ ይመረጥበታል» አለ። አላለቀም። ማን ነገረው?

የከብቶቹን የዘር ሐረግ የሚመዘግበው አሮጌ ፕሮግራም የተጻፈው የኮምፒውተር ሜሞሪ በትንንሽ ክፍል ተቆራርጦ በሚሠራበት ዘመን ነው። የእያንዳንዱ ላምና ኮርማ አድራሻ ሁለት ቁጥር ነው፤ የክፍሉና በክፍሉ ውስጥ ያለበት። ዛሬ ሜሞሪው አንድ ወጥ ሜዳ ነው፣ አንድ ቁጥር ይበቃል። አሮጌውን በአዲስ መልክ ስጽፍ ሁለቱን ቁጥር አንድ ማድረግ ነው ሥራዬ። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ማክሰኞ
አሮጌው ፕሮግራም ያለበትንና አዲሱ ያለበትን ኮምፒውተር ጎን ለጎን አድርጌ የትኛው ኮርማ እንደሚሆናት ላም በላም ስጠይቅ ዋልኩ። ደምበጫ ያለች ዳልቻ የምትባል ላም ላይ ስደርስ አሮጌው አንዱን ኮርማ «አባቷ ነው» ብሎ ከለከለ። አዲሱ ያንኑ መረጠላት። የገዛ አባቷን!

ለአቶ ደሳለኝ ነገርኩት። «በአንዲት ላም ሥራ አይቆምም» አለኝ። አንዲት ናት ያለው ማነው? እስካሁን ያገኘሁት አንዷን ነው።

ረቡዕ
ስገባ አሮጌው ኮምፒውተር የለም። «ቦታ አጣበበ» ተብሎ መጋዘን ገብቷል። አቶ ደሳለኝ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።
«ማመሳከሪያዬን ነው የወሰዱብኝ።»
«አንቺ መጨረስ ስለማትፈልጊ ነው።»
«እንግዲያው ምርጫው ላይ እርስዎ ይፈርሙ። እኔ አልፈርምም።»
ኮምፒውተሩን ከመጋዘን ራሴ ተሸክሜ መለስኩት። ወገቤ።

ከሰዓት አሮጌውን ፕሮግራም ለጻፉት ለጋሽ ሙሉነህ ደወልኩ። ጡረታ ወጥተው ቁይ ከተማ ነው ያሉት። «ሲበላሽ ነው የምታስታውሱኝ?» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፣ ግን እኔ ምን አጠፋሁ? እኔም ጮህኩ። የዳልቻን ነገር ስነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ክፍሉ ሲሞላ ቁጥሩ ወደዚያው ክፍል መጀመሪያ ይመለሳል። እሱን ተማምኜ ነው የጻፍኩት። ያንቺስ ይመለሳል?» አሉኝ።
አይመለስም። የኔ ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤት ክፍል ያልፋል፣ እዚያ ያገኘውን ሌላ ኮርማ የዳልቻ አባት ያደርገዋል። እውነተኛው አባቷ ባዳ ሆነ።

ሐሙስ
ገበሬዎቹ መጡ። አቶ ደሳለኝ ፊታቸው «ያዘገየችው ባለሙያዋ ናት» አለ። ደሜ ፈላ። የዳልቻ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ ወደኔ ዞሩ። «ላሜ ኮርማ ፈልጋለች፤ ዛሬ ካለፈ አለፈ። ምን አድርጌሽ ነው?»
«እናቴ፣ አዲሱ የመረጠላት የገዛ አባቷን ነው።»
አቶ ደሳለኝን፣ «ይኼን ነበር የምትሰጡኝ?» አሉት።
በአሮጌው ሌላ ኮርማ መረጥኩላቸው፤ የማዕከሉ አዳቃይ የኮርማውን ዘር ይዞ አብሯቸው ሄደ። ሌሎቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ ሸኘኋቸው።

ዓርብ
ቁጥሩ የክፍሉን ጫፍ ሲያልፍ ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ አድርጌ ጻፍኩት። ዳልቻ አባቷን አገኘች። ብቻዬን ሳቅሁ።
አቶ ደሳለኝ በር ላይ ቆሞ «አለቀ?» አለ።
«አመሳክሬ ስጨርስ እነግርዎታለሁ።»
«እሺ» ብሎ ሄደ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣውም። ንዴቴም አልወጣልኝም።

ወደ ማታ ጋሽ ሙሉነህ ደወሉ። መስተካከሉን ስነግራቸው ደስ አላቸው። «ሌላም ቦታ ቁጥሩ መመለሱን ተማምኜ የጻፍኩ ይመስለኛል። የት እንደሆነ ግን ረሳሁት» አሉ።
ስልኩን ዘግቼ ማመሳከሩን ከመጀመሪያዋ ላም እንደገና ጀመርኩ።