ሁለት ሞክሼ በአንድ ረድፍ

የካቲት 5፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

አራተኛው ገጽ። አሁንም ስልክ ቁጥር ለቀማ። የእድራችን የአባላት ዝርዝር ዎርድ ላይ ነው ያለው፤ ወደ ዳታቤዝ የማዛውረው እኔ ነኝ። የጻፉት ጸሐፊያችን ጋሼ ሣህሉ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ታይፒስት። ከስሙ ቀጥሎ አንዳንዴ ነጠላ ሰረዝ፣ አንዳንዴ እዝባር፣ አንዳንዴ አስተያየት፦ «በሚስቱ ስልክ ይደወል፣ የሱ አይነሳም።» ዳታቤዙ ለእንዲህ ዓይነቱ እውነት ቦታ የለውም። «ልዩ ልዩ» የሚል ዓምድ ጨመርኩለት። ይልመድ።

ለእሑዱ ጠ/ጉባኤ መድረስ አለበት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲሞት ጡሩምባ መንፋት ይቀራል፤ መልእክት ከኮምፒውተር ለሁሉም በአንዴ። ሰብሳቢያችን ደውሎ ድግግሞሹን በሙሉ አጥሪ አለኝ። ለአንድ ሰው ሁለት መልእክት ብክነት ነው ባይ ነው። ይደርሳል። ይህቺን እንኳ እችላታለሁ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ግሩም ቀን! ለሞክሼ ፊደላቱ መላ አገኘሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ። ሠ እና ሰ አንድ። የሊቃውንቱን የዘመናት ክርክር በአንድ ቁልፍ ዘጋሁት። ዝርዝሩ ወዲያው ከሳ። ኃይሉ በቀለና ሐይሉ በቀለ ተዋሃዱ። ሁለት ስ.ቁ. ነበረው። በዚህ ዘመን ሁለት ሲም የሌለው ማን አለ? አንዱን አስቀረሁ።

ማምሻውን ጋሼ ሣ. ደወሉ። ስማቸው በንጉሡ ሠ መግባቱን ማረጋገጥ ፈልገው ነው። አዎ አልኩ። ውሸት። ኮምፒውተሩ በእሳቱ ሰ አድርጓቸዋል። ማን ያያል ብዬ ነው።

የካቲት 8፣ ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት

እማማ ብርቄ አረፉ። ከኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ። ቀብር ነገ 6 ሰዓት። ሰብሳቢው እሑድን ሳንጠብቅ እንሞክረው አለ። ላክሁ። ጡሩምባ አልተነፋም። ብዙም ሳይቆይ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰፈሩ ግጥም ብሎ ነበር። አዝኛለሁ፣ ደግ ሴት ነበሩ። ግን ማስታወሻዬ፣ ካንተ አልደብቅም፤ ኮርቻለሁም።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት ድንኳን ውስጥ። ጋሼ ሣ. የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ። ባለ ሐመሩስ?

የምን ሐመር? አልኩ።

«ሐይሉ ነዋ! ሾፌሩ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሰው። ከአቦምሳ በልጅነቱ መጥቶ እማማ ቤት አይደል እንዴ ያደገው?»

ኃይሉማ መጥቷል፤ ያውና ሻይ እየቀዳ።

«እሱ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ባለ ብዙኃኑ።»

ለካ ሁለቱ ስማቸው ከነአባታቸው ስም አንድ ስለሆነ፣ ጋሼ ሣ. በፊደል ለይተዋቸው ኖሯል። ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞ ተመዘገበና ትክክለኛውን ኃ ወሰደ፤ ሾፌሩ የተረፈውን። እድሩ በሙሉ ያውቃል። እኔ ስህተት መስሎኝ አረምኩት።

የእማማ ልጆች እድሩ ነግሮታል ብለው አልደወሉለትም። እድሩ ማለት እኔ ነኝ። ዎርዱን ስልኬ ላይ ከፍቼ ቁጥሩን ፈለግሁ፣ ደወልኩ፣ ነገርኩት። ከዚያ መጣሁ አለና ዘጋው።

አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ አልደረሰም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግን ተሳቢውን የፈታ ከባድ መኪና አቧራውን አስነስቶ ቆመ። ግንባሩ ላይ በትልቁ «ሐይሉ»። በሐመሩ! ሮጦ ከአንዱ ትከሻ ቃሬዛውን ተቀበለ። ጉድጓዱ ድረስ አለቀቀም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። አካም ጅርታ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አንቺ ነሽ የሰረዝሽኝ? እድር እኮ የሚሰርዘው የሞተ ነው። እኔ ገና መዋጮ እየከፈልኩ ነው።»

ይቅርታ አልኩ። ተይው፣ ደርሻለሁ አለ።

ባለ ብዙኃኑ ከኋላችን ሆኖ፦ «ኧረ ደግ አደረገች! ጭነት አለ እያሉ በሱ ፈንታ እኔን ነበር የሚነዘንዙኝ።»

ከት ብለው ሳቁ፤ ባለ ሐመሩም ጭምር። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 10፣ እሑድ፣ ከጉባኤው በፊት

ሁሉንም ከዎርዱ እንደ አዲስ አስገባሁ። ስም ጋሼ ሣ. እንደጻፉት፤ የተዋሃዱት ፊደላት ለፍለጋ ብቻ፣ በሌላ ዓምድ። ሠ ለባለቤቱ ተመልሷል። ለጉባኤው የምለውም ተዘጋጅቷል፦ ይሠራል፤ ጡሩምባው ግን ባለበት ይቆይ። ይህን ስል ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሥዩም ታደሰ፣ ስዩም ታደሰ። ስ.ቁ. የተለያየ። ከእንግዲህ ሳልጠይቅ ሰውን ከሰው አላዋህድም፤ ቆርጫለሁ። ለጋሼ ሣ. ደወልኩና፣ ባለ ንጉሡና ባለ እሳቱ እነማን እንደሆኑ በትሕትና ጠየቅሁ።

«አንድ ሰው ነው ልጄ። ያን ቀን መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነበር።»