የመጀመሪያ ስፌቶች መጋረጃ

የኔ ዓለም፣ ያለሽበት ብርድ ይራራልሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ አሁንም ሬዲዮውን ከፍቶ ያንቀላፋል፤ ልዝጋው ስል «እያዳመጥኩ ነው» ይለኛል። ወፍራም ካልሲ ታደርጊያለሽ አይደል?

ስፌት ወደማስተምርበት ክፍል አዲስ ልጅ መጥታለች። ሁሌ «እኔ አልችልም» ስለምትል ጓደኞቿ «አልችልም» ብለው ይጠሯታል። ትናንት የመጀመሪያ ስፌቷ እንደ እባብ ተጠማዘዘባትና ልትተረትረው መቀስ አነሳች። ጨርቁን ከእጇ ወሰድኩና እንደ ልማዳችን በመስኮቱ መጋረጃ ላይ ቀጠልኩት። ታስታውሺዋለሽ፣ የተማሪዎቼ ሁሉ የመጀመሪያ ስፌት ተቀጣጥሎ የተሠራውን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታልፍበት ክፍሉ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ይመስላል፤ እኛም ከነስፌት መኪናዎቻችን ውስጡ የምንንሳፈፍ።

ልጅቷ ቀና ብላ ስታየው ቆየችና «ከላይ ያለው፣ ከሁሉ የባሰው የማን ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው» አልኳት።

ወደ ቦታዋ ተመልሳ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ከሁሉም ቀድማ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

ልጄ፣ ስለ ኮትሽ የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ፤ ሌላ ኮት ነገ ጀምሪ። ፈጣሪ ዓይንሽን ብሩህ፣ ልብሽን ሰፊ ያድርግልሽ። የስፌት አስተማሪዎችሽ የመለሱብሽን የመጀመሪያ ኮትሽን ግን እንዳትጥይው፤ ያን የተጣመመ እጅጌ ቆርጠሽ ላኪልኝ። ከእኔ ቁራጭ ጎን ክፍት ቦታ አለ፤ በዚያ የምትገባው ፀሐይ ዓይኔን እየወጋችኝ ነው።

እናትሽ