የአቶ ኢዶሳ ቱሉ ዕረፍትና ሳይነበብ የቀረው መስመር

ከቀበና ወንዝ በላይ የምንገኝ የእንጨት ጠራቢዎች የጽዋ ማኅበር፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን የነበሩት አቶ ኢዶሳ ቱሉ፣ በክርስትና ስማቸው ኃይለ መስቀል፣ ከረጅም ሕመም በኋላ ጥር ፲፬ ቀን ፲፰፻፹፱ ዓ.ም. ማረፋቸውን ለማኅበርተኛውና ለአጥቢያው ሰው ሁሉ በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን። ይህ ቃል በሰልስታቸው ዕለት በደጃቸው እንዲነበብ ማኅበሩ ወስኗል።

አቶ ኢዶሳ ከእንጦጦ ጀርባ ተወልደው፣ የጽድ ጠረባ ከአባታቸው ተምረው አደጉ።

በክፉው ቀን፣ በ፲፰፻፹፪ እና በ፹፫ ዓ.ም.፣ ቀባሪ ያጡትን በገዛ እጃቸው ቀብረዋል። ለብዙዎቹ መገነዣ አልተገኘም።

በ፲፰፻፹፬ ዓ.ም. ከሞት የተረፍነውን ሰብስበው ይህን ማኅበር አቆሙ።

በ፲፰፻፹፯ ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ነጋዴ፣ ከባሕር ይመጣል ለተባለው ባቡር ከሐዲዱ ሥር የሚጋደም እንጨት እንድንጠርብ ቀጠረን። አቶ ኢዶሳ የሠራተኞቹ አለቃ ሆኑ። ምስጥ እንዳይበላው እንጨቱን በጆንያ የመጣ ነጭ ዱቄት በተበጠበጠበት ጉድጓድ እንነክረው፣ ሳይደርቅም በትከሻችን እንሸከመው ነበር።

በዱቄቱ ዕቃ ቤት በር ላይ የነጋዴው አስተርጓሚ የጻፈው ሁለት መስመር ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር። ከመካከላችን ፊደል የምታውቀው የማኅበርተኛችን የሣህሌ ሚስት ወለተሥላሴ ብቻ ነበረች። «ዱቄቱ የምስጥ መርዝ ነው፤ በእጅ አይነካ» ብላ ስታነብ ሠራተኛው «ታዲያ በጥርሳችን እንንከረው?» ብሎ ሳቀ። ሁለተኛውን መስመር አላነበበችም። መስመሩ ስለ ጆንያው ነበር። የዚያን ጊዜ ጨርቅ አጥቶ የከረመ ሰው ሁሉ በባዶው ጆንያ ይሻማ ነበር፤ እሷም ሁለት ወስዳ ነበር። «ሌላስ?» ሲሏት «ይኸው ነው» አለች።

ምስጥ ከገደለ ቅማልም ይገድላል ብለን ደግሞ ዱቄቱን በቅቤ ለውሰን ጠጉራችንን ተቀባን። ይህን ያዘዘን የለም።

በዓመቱ መዳፋችን እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻከረ፣ እግራችን ደነዘዘ። ሣህሌና ሌሎች ስድስት ወንድሞቻችን ባንድ ክረምት አረፉ። ነጋዴው ሄደ። ባቡሩን እስከ ዛሬ ያየ የለም። እንጨቱ ግን ተራራው ላይ እንደተከመረ ነው፤ ምስጥ አልነካውም። የዚያን እንጨት ፍልጥ ያነደደ ቤት፣ ወጥ ሳይሠራበት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሟቾቹም በመጨረሻ ሲተነፍሱ እንደዚያው ይሸቱ ነበር። ሽታው ሲነሣ ከሟቾቹ አንዱ የገባ ያህል ዞር ብሎ በሩን የማያይ ሰው ከመካከላችን የለም።

አቶ ኢዶሳ ያን ወረቀት ከበሩ ነቅለው አስቀምጠውት ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ወለተሥላሴን አስጠርተው «እስቲ ጨርሽልኝ። ባላነብም መቁጠር አያቅተኝም፤ መስመሩ ሁለት ነው፣ የሰማሁት አንድ። ቶሎ በይ፣ እግሬ እንደሆነ ቀድሞኝ ሄዷል» አሉ። ሁለተኛውን አነበበችላቸው። «ታዲያ እኔ የተኛሁበት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ፍራሻቸው በዚያው ጆንያ የተሰፋ ነበር። መስመሩ ለአጥቢያው ሁሉ እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ማኅበራችን በፊታችን እሑድ ጆንያውንና ፍልጡን ከየቤቱ ይሰበስባል። አይቃጠል፤ ወንዝም አይውረድ። ከውኃ ርቆ በተቆፈረው ጉድጓድ ይቀበራል። የመጀመሪያው የአቶ ኢዶሳ ፍራሽ ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢፍቱ አውጥተው ሰጥተዋል። ልጅ ለሚያስተኛበት ቤት፣ ለዘንድሮው ድግስ በተዋጣው ገንዘብ አቡጀዴ ጨርቅ ተገዝቶ ይታደላል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ኢፍቱ፣ ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ጠርበው ዛሬ በሕመም ላይ ላሉት ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ይላክ። የሙሴያችንንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

ሁለተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ጆንያው ቢታጠብም አይጠራም፤ ሰው አይልበሰው፣ አይተኛበት።»

ይህን ቃል የጻፈችው፣ ዛሬም በደጃፉ ቆማ የምታነበው ወለተሥላሴ ናት።