ወደ ወንድሜ ጓሮ የሚያየው መስኮት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ብዕሩን የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ የጓሮዋ ክፍል ተከራዬ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት ብሎኬት ነው። አራቱንም ክፍል ያቆምኩት በእነዚህ እጆች ነው። እንዳልኩሽ ጻፊ ብያታለሁ፣ ማሳመር የለም። ዛሬ ምንም የለም። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ያ ውሻ ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ ሲስል ዋለ... ይሳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ከማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ሜትር ይዛለች። ሦስቱን ክፍል አልፋ ልብስ ሰፊዋ ጋ ስትደርስ ቆመች።
«አባት፣ መስኮቱ የታለ?»
«በር አለው።»
«በር መስኮት አይደለም። በአዲሱ ደንብ መስኮት የሌለው ክፍል አይከራይም። ሃያ ቀን አለዎት፤ አለዚያ ይታሸጋል።»
በገዛ ቤቴ! አሸዋ ስሸከም የት ነበረች? መስኮት አጥቶ የሞተ ሰው አለ? ልብስ ሰፊዋ ስድስት ዓመት ኖራበታለች፣ ይኸው በሕይወት ትጽፋለች... ምን ያስቆምሻል? ጻፊ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ግራና ቀኙ ሌላ ክፍል ነው። በበሩ በኩል ያለው መተላለፊያ ጣሪያ ስላለው፣ ወደዚያ የሚወጣ መስኮት አይቆጠርም አሉ። የቀረው የጀርባው ግድግዳ ነው፣ ወደዚያ ውሻ ጓሮ። ለዚህ ደግሞ የጎረቤት ፊርማ ያስፈልጋል። ከሱ? ሞቼ ነው ቆሜ!
የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አባታችን በተወልን መሬት፣ አጥሩን አንድ ስንዝር ገፋብኝ። እዚያ ግድግዳ ላይ መስኮት ነበረ። ፊቱን እንዳላይ በገዛ እጄ ደፈንኩት።
«መስኮት ነበረው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።
ነበረው። ጻፊ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ቤት ፍለጋ ስትዞር ዋለች። «አባባ፣ በዚህ ኪራይ የስፌት መኪናዬን የሚያስገባ ክፍል አጣሁ» አለችኝ። ታዲያ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ? ለሷ አዝነው ባወጡት ደንብ እሷኑ ሜዳ ላይ ሊጥሏት...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ክፍሏ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ደንቡ ውሸት መሆኑን ላይ ብዬ። እኩለ ቀን ነው፣ የገዛ ጣቴ አልታየኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገባው በምን ነበር?
«በአምፖል፣ አባባ» ትላለች አሁን።
ማን ጠየቀሽ? ጻፊ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ሄድኩ። ለሷ ብዬ አይደለም። ክፍሌ ሲታሸግ ያ ውሻ እንዳይስቅብኝ ነው።
«ማነህ?» አለኝ፣ እያወቀኝ።
«ፈርም።»
«ማን ደፈነው?»
«እኔ።»
«እንግዲያው ራስህ አፍርሰው። እኔ ወንበር አውጥቼ አይሃለሁ። ያኔ እፈርማለሁ።»
በሰባ ስምንት ዓመቴ! ምራቄን ተፍቼ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ልብስ ሰፊዋ ዕቃዋን በጆንያ አሰረች። ያንን አይቼ መዶሻና መሮ አነሳሁ። «ግንበኛ ልጥራ?» አለች። እምቢ።
የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ከማዶ ጀመረኝ። «ወደ ግራ በለው! ዱሮም መዶሻ አያያዝ አታውቅም!»
«አጥር ከመስረቅ ይሻላል!»
«ያቺ ስንዝርህ እኮ አንድ የቲማቲም ችግኝ አትይዝም!»
«ታዲያ መልስልኛ!»
«ናና ውሰዳት!»
ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተሰዳደብን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ... የመጀመሪያው ብሎኬት ሲወድቅ አንድ ሽበታም ራስ ታየኝ።
«አርጅተሃል» አለኝ።
«አንተ ቤት መስታወት የለም?»

ሰኞ፣ ጥቅምት 25
ፈረመ፣ በአውራ ጣቱ። እሱም እንደኔው መሃይም ነው። ተቆጣጣሪዋ ለክታ አለፈ አለች። መስኮት አውጥቻለሁና ኪራይ ልጨምር ብላት፣ «ዓመት ሳይሞላ አይቻልም!» እርጉም ደንብ።
ልብስ ሰፊዋ ጆንያዋን ፈታች፣ መኪናዋን ወደ ብርሃኑ አዞረች። የማጽፈውም እዚሁ ተቀምጬ ነው። ያ ውሻ ማዶ ወንበሩ ላይ ነው፣ ያስላል። አልታረቅንም። ስንዝሬን አልረሳሁም።
በይ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። «ውሻ» ያልኩበትን እንዳትዘዪ። ድምፅሽንም ከፍ አድርጊ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።