የደቦ ቃል ለቃሚው ሙዓሊም ጉልናዛር ሳፋር

ሙዓሊም ጉልናዛር ሳፋር ከአባታቸው ከአናጺው ሳፋር ኢብሮሂምና ከእናታቸው ከኦይጁማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1944፣ በዘራፍሻን ሸለቆ በላይኛዋ ሳርሶይ መንደር ተወለዱ። አባታቸው እጀ ወርቅ ነበሩ። ልጃቸው ግን፣ አላህ ይማራቸውና፣ ሚስማር ሲመቱ አውራ ጣታቸውን ስተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። አባትየው ይህን በጊዜ አይተው፣ ይህን ልጅ ከመጋዝ አርቆ ለመጽሐፍ መስጠት ይሻላል ብለው ትምህርት ቤት እንደሰደዷቸው ይነገራል።

የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ቀጣዩን በወረዳው ከተማ ተከታትለው በ1961 ዱሻንቤ በሚገኝ የመምህራን ተቋም ገቡ፤ በ1965ም በቋንቋ መምህርነት ተመርቀው በመንደራቸው ማስተማር ጀመሩ፤ ሙዓሊም፣ ማለትም መምህር፣ መባላቸውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሌላው ተማሪ ሰዓትና ጫማ ገዝቶ ሲመለስ እሳቸው አንድ አረንጓዴ ደብተር ይዘው መጡ። በደብተሩ የሚጽፉት ሰዎች አብረው ሲሠሩ ሥራቸውን የሚጠሩበትን ስም ብቻ ነበር። ሁለት ቤቶች በሬ ከበሬ አጣምረው በየተራ የሚያርሱበትን ወንፈል፣ የመንደሩን በግ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው የሚጠብቅበትን ተራ፣ ሴቶች ወተታቸውን በአኻያ እንጨት እየለኩ በየሳምንቱ ለአንዷ የሚሰጡበትን የወተት ዕቁብ፣ ሁሉንም ከነአጠራሩና ከነምግቡ መዘገቡ። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሐሻርን ነበር። ሐሻር ያው ደቦ ነው። አንድ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ የሰማ አካፋውን ይዞ ይመጣል፤ ቀኑን አብረው ሠርተው፣ በልተውና ተሳስቀው ይለያያሉ።

በ1967 ከወይዘሮ ሶጂዳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ወይዘሮ ሶጂዳ ባለቤታቸው የአብሮ መሥራትን ቃል ሁሉ እንደሚያውቁ፣ ውሃ መቅዳት ግን ከዚያ ደብተር ውስጥ እንደሌለ ለጎረቤት መናገር ይወዱ ነበር። ሙዓሊም ይህን ሲሰሙ ሳቅ ብለው ባልዲ ያነሳሉ፤ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሰው ይመለሳሉ። እኛም ልጆቻቸው በዚህ ስንስቅ ነው ያደግነው።

ቀጥሎ ያለውን እንዳንዘልለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። በ1978 የኅብረት እርሻው ሹማምንት መንደሩን ለትምባሆ ለቀማ እንዲያስወጡ ስም ዝርዝር ሰጧቸው። ሙዓሊም ገና ጎህ ሲቀድ ጣራ ላይ እየወጡ በሚወዱት ቃል «ሐሻር» ብለው ተጣሩ። መጀመሪያ ሰው ቃሉን አክብሮ ወጣ። ኋላ ግን የቀረ ሰው ስሙ በስብሰባ ይነበብ ጀመር። አንድ ማለዳ ባል የሞተባቸው አፓ (እትዬ እንደ ማለት ነው) ሙህሪ፣ ልጃቸው ሳናም በትኩሳት እየነደደች ስለሆነ እንዲተዉአቸው ለመኑ። ሙዓሊም ዝርዝሩን አይተው፣ ሐሻር ስለሆነ የሚቀር የለም አሏቸው። እናት ሄዱ። ልጅቷ ተረፈች፤ የግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማም። ከዚያ በኋላ በሳርሶይ ያንን ቃል በፍቅር የሚጠራው አልነበረም። ሙዓሊምም ደብተራቸውን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

በ1993 ጸደይ፣ አገር በእርስ በርስ ጦርነት በተናወጠበት ዓመት፣ ከተራራ የወረደ ጭቃ የላይኛዋንና የታችኛዋን ሳርሶይ የሚያጠጣውን ቦይ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ቀበረው። መንገድ ተዘግቶ ዱቄት ከውጭ አይገባም። ውሃው በሁለት ሳምንት ካልተመለሰ ስንዴውም አፕሪኮቱም ሊደርቅ፣ ክረምቱም በረሃብ ሊያልፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ለምነዋቸው ሙዓሊም ጣራ ላይ ወጥተው ተጣሩ። ሦስት ሰው መጣ። አንዱ የገዛ ልጃቸው፣ ሁለተኛው ኢማሙ ነበሩ፤ ሦስተኛው የጠፋ አህያውን ፍለጋ የወጣ ሰው ነበር። ወርደው ኩርምት ብለው ሲቀመጡ ወይዘሮ ሶጂዳ፣ ሰው የሸሸው ቃሉን ሳይሆን የጠሪውን ድምፅ መሆኑን ፊት ለፊት ነገሯቸው።

በማግስቱ ሙዓሊም ወደ ቦዩ አልሄዱም። በዚያው ዝናብ የአፓ ሙህሪ የግቢ ግድግዳ ፈርሶ ስለነበር አካፋቸውን ይዘው እዚያ ሄዱና ጭቃ ማቡካት ጀመሩ። አፓ ሙህሪ በመስኮት አይተው መስኮቱን ዘጉ። ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ እንኳ አላወጡላቸውም፤ በእኛ ሸለቆ ይህ ከስድብ ይብሳል። በሦስተኛው ቀን ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

«አንተ ሙዓሊም፣ ማን ጠራህ?»

«ማንም አልጠራኝም፣ አፓ።»

«ለቦዩ ልትወስደኝ ነው አይደል የመጣኸው?»

«አይደለም። ያን ቀን ልጅዎ ታማ ከቤት ያስወጣሁዎት እኔ ነኝ። የእርሻው ሹም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይህን ጨርሼ እሄዳለሁ።»

አፓ ሙህሪ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጠማማ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሐሻር ማለት ግን ይሄ ነው። ያኔ የጠራኸን ለሌላ ነገር ነበር፤ ለእሱ ሌላ ስም ፈልግለትና በደብተርህ ጻፈው» አሉ።

ሻይ አወጡላቸው። አብረው ጠጡ፤ ሙዓሊም አለቀሱ። ከሰዓት በኋላ አፓ ሙህሪ በስድሳ ዓመታቸው በመሰላል ጣራቸው ላይ ወጥተው ተጣሩ፤ በዚያው ቀን አርባ አካፋ ወጣ። በማግስቱ የታችኛዋ ሳርሶይ ሰዎች መጡ፤ በዘጠነኛው ቀን ውሃው አለፈ። ለሙዓሊም አካፋ አምኖ የሚሰጣቸው ስላልተገኘ ድንጋይ ሲያቀብሉ ሰነበቱ። ማታ ደብተራቸውን ከሳጥን አውጥተው፣ በትምባሆው ገጽ ላይ ሐሻር የሚለውን ሰርዘው «ግፍ» ብለው ጻፉ።

በ2004 በጡረታ ተገለሉ። ትዳራቸውን፣ ተማሪዎቻቸውንና ደብተራቸውን እንደወደዱ ኖሩ፤ ጣራ ላይ ግን ዳግመኛ ወጥተው አልተጣሩም። በ2018 ልባቸው ደከመ። አልጋ ላይ ሳሉ፣ ለመቃብራቸው ማንም ሰው እንዳይጠራ አዘዙ። ታላቁ ልጃቸው ሙኪም ጨነቀው፤ የመቃብሩ መሬት ድንጋይ ነው፣ የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ ደግሞ ለሥራ ሩሲያ ነው።

«አባዬ፣ ካልጠራን ማን ይቆፍራል?»

«አንተና ወንድምህ ትቆፍራላችሁ። ሰው ተጠርቶ አይቀብረኝም፤ አንዴ የጠራሁት ይበቃኛል።»

ሙዓሊም ጉልናዛር ኅዳር 14 ቀን 2019 ማለዳ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ልጆቻቸው ቃላቸውን ጠብቀው ለማንም አልላኩም። ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ሲወጡ ግን፣ ከሁለቱም መንደር የመጡ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌዎች ተራ ገብተው እየቆፈሩ አገኟቸው። ሙኪምና ሻሪፍጆን አካፋቸውን እንደያዙ ቆሙ፤ የሚቆፍሩበት ቦታ አልተረፈላቸውም።

ሙዓሊም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሶጂዳን፣ ልጆቻቸውን ሙኪምን፣ ሻሪፍጆንንና ይህን ለሰባተኛው ቀን ጸሎት የጻፈችውን ሳዮሐትን፣ እንዲሁም ዘጠኝ የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። አላህ ጥፋታቸውን ይቅር ብሎ፣ ድካማቸውን ተቀብሎ በጀነት ያሳርፋቸው። ሳይጠሩ ለመጡት ሁሉ ደግሞ፣ እነሱ በተጣሩ ቀን አቤት የሚላቸው አያሳጣቸው።